ዓይን የሚገዛላት ሽጉጥ

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ!» አለኝ ወዳጄ፣ ክርክሩን በዚች የዘጋው መስሎት።

ዕለቱ እሑድ፣ ቦታው በሰሜን ቨርጂንያ፣ በአሌክሳንድሪያ ከተማ፣ ሐበሻ ከቅዳሴ መልስ ተሰብስቦ ቡና ከሚጠጣባቸው ቤቶች በአንዱ ነበር። ወዳጄ ከ20 ዓመት በላይ ታክሲ ነድቷል፤ ዛሬም ይነዳል። የጠራኝ አንድ የእንግሊዝኛ ቅጽ አብሬው እንድሞላ ነው። ይህ ጸሐፊ በዚህ አገር በኖረባቸው ዓመታት ለወገኖቹ ያልሞላው የቅጽ ዓይነት የለም ማለት ይቻላል፤ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የግብር፣ የጤና መድን፣ የልጆች ትምህርት ቤት። ይኽኛው ግን አዲስ ሆነብኝ። ወዳጄ የኪስ ሽጉጡን የላይኛ ብረት ነቅሎ፣ በሌላ ግዛት ወደሚገኝ ባለሙያ በፖስታ ልኮ፣ በማሽን አስቀርጾ፣ በጨለማ የሚያበራ ማነጣጠሪያ ሊያስገጥምበት ኖሯል። በዚህ አገር ሕግ «ሽጉጥ» ተብሎ የሚቆጠረው መለያ ቁጥር የተቀረጸበት የታችኛው አካል ስለሆነ፣ የላይኛውን ብረት እንደ ሰዓት ጥገና በፖስታ መላክ ይቻላል። የሥራው ዋጋ ሽጉጧ የተገዛችበትን ግማሽ አልፎ ሄዷል።

ቅጹን ሞላሁለት። ሌሊቱን ግን ነገሩ አላስተኛኝም። የሚከተለውን የጻፍኩት ለእርሱ ነው፤ እርሱን ለሚመስሉ ብዙ ወገኖቻችንም ጭምር ነው። («ዓ.ም.» ከተባለበት በቀር ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።)

በመጀመሪያ የምናወራው ስለ ምን እንደሆነ እንወቅ። ሽጉጧ ሩገር ኤልሲፒ ትባላለች፤ በ2008 ገበያ ላይ የዋለች ናት። ባዶዋን 270 ግራም ገደማ ትመዝናለች። ከጫፍ እስከ ጫፍ 13 ሴንቲ ሜትር ያህል ስትሆን፣ ጥይት የሚያልፍበት ቱቦዋ 7 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ሱሪ ኪስ ውስጥ እንደ ገንዘብ ቦርሳ ትቀመጣለች። በዚያው በወጣችበት ዓመት የመጀመሪያዎቹ ሽጉጦች ቢወድቁ ሊተኩሱ ይችላሉ ተብሎ አምራቹ ራሱ መልሶ እንደሰበሰባቸው በቅንፍ ላስታውስ። ማነጣጠሪያዎቿ ከላይኛው ብረት ጋር አንድ ላይ የተቀረጹ፣ የማይነቀሉና የማይለወጡ፣ ምስር የሚያካክሉ ሁለት ጉብታዎች ናቸው። ወዳጄ የሚያማርረው በእነርሱ ነው። «አይታዩም» ይላል። እውነቱን ነው፤ አይታዩም።

ዳሩ ግን ይህ የአምራቹ ንፍገት አይደለም። ከኪስ ተመዝዞ የሚወጣ ነገር ቀንድ ሲያበቅል ጨርቅ ይይዘዋል፤ ስለዚህ የኪስ ሽጉጥ ሠሪዎች ከጥንት ጀምሮ የሚወጣውን ሁሉ ሲያለሰልሱ ኖረዋል። በኮነቲከት የተመሠረተው ሲካምፕ የተባለው አነስተኛ ኩባንያማ ጭራሽ ማነጣጠሪያ የሌላቸው ሽጉጦች በመሥራት ነው ስም ያተረፈው። የሽጉጦቹ አናት እንደ ሳሙና ልሙጥ ነው። ሠሪዎቹ ማነጣጠሪያ መግጠም አቅቷቸው አልነበረም፤ ዕቃዋ የምትተኮስበትን ርቀት ስለሚያውቁ ነው።

ያ ርቀት ስንት ነው? ከአስተማሪዬ የተረፈችኝን ጥቂት ሒሳብ ልጠቀም። በእንዲህ ያለች ሽጉጥ የፊቱና የኋላው ማነጣጠሪያ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ይራራቃሉ እንበል። የፊተኛው ከመስመሩ በ1 ሚሊ ሜትር ቢዛነፍ፣ ጥይቷ በ3 ሜትር ላይ 3 ሴንቲ ሜትር፣ በ15 ሜትር ላይ ደግሞ 15 ሴንቲ ሜትር ትስታለች። በ3 ሜትር ላይ ያለው ስሕተት ለዚህ ዓይነት ጠብ ከምንም አይቆጠርም። በ15 ሜትር ላይ ያለው በርግጥ ቁም ነገር ነው፤ ነገር ግን ጠላቱ 15 ሜትር የራቀለት ታክሲ ነጂ ማነጣጠር ሳይሆን ነዳጅ መስጠት ነው ያለበት! ደግሞስ ታክሲ ነጂ የሚዘረፈው እንዴት ነው? ጀርባውን ሰጥቶ፣ ቀበቶ አስሮ፣ ሁለት እጁ መሪ ላይ ሆኖ፣ የሰውዬው አፈሙዝ ማጅራቱ ላይ አርፎ። ለዚያች ሰዓት የሚሆን ማነጣጠሪያ እስከ ዛሬ አልተሠራም።

አንባቢ ይታዘበኝና፣ የተቃራኒውን ወገን ክርክር አልሸሽግም። ጉልህ የሆነ የፊት ማነጣጠሪያ አፈሙዙ ወዴት እንደዞረ ለዓይን ይናገራል፤ የሳተች ጥይት ደግሞ የምታርፍበት ቦታ አላት፤ መንገድ ዳር የቆመች እናት ላይ፣ መስኮት ውስጥ የተኛ ሕፃን ላይ። ይህ ከባድ ነገር ነው። ስለዚህም ማነጣጠሪያ ከነጭራሹ አያስፈልግም የሚለውን የሲካምፕን ፍልስፍና ይህ ጸሐፊ ሙሉ በሙሉ አይቀበለውም። አምራቾቹም ቢሆኑ በ2021 ባወጡት ኤልሲፒ ማክስ ላይ የሚያበራ የፊት ማነጣጠሪያ ገጥመው መሸጥ ጀምረዋል። የሚያበራው ትሪቲየም የተባለ ጨረራማ የሃይድሮጅን ዓይነት ነው፤ በ12 ዓመት ገደማ ብርሃኑ በግማሽ ይቀንሳል። ያለ ማሽንና ያለ ፖስታ ይሁን ያለ ሰው እንደሆነም፣ ፊተኛዋን ጉብታ ብርቱካናማ የጥፍር ቀለም የሚቀቡ አሜሪካውያን ሞልተዋል። የወዳጄ ባለቤት ዘንድ ይህ ቀለም አይታጣም ብዬ እገምታለሁ።

የሳተች ጥይት የሚያስጨንቀው ሰው ግን አንድ ሌላ ቁጥር ይስማ። ራንድ የተባለው የጥናት ተቋም በ2008 የኒው ዮርክ ከተማን ፖሊስ አተኳኮስ መርምሮ ነበር። ከ1998 እስከ 2006 ባለው ጊዜ፣ ተኩስ በተለዋወጡበት ጊዜ የፖሊሶቹ ጥይት ዒላማውን ያገኘው 18 በመቶ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ሌላው ወገን ሳይተኩስባቸው ሲተኩሱ እንኳ 30 በመቶ። እነዚህ የሠለጠኑ፣ ደመወዝ የሚከፈላቸው፣ ሙሉ መጠን ያለው ሽጉጥ ከነሙሉ ማነጣጠሪያው የታጠቁ ሰዎች ናቸው። ከአምስት ጥይት አራቱ ባክኗል። እንግዲህ ከ14 ሰዓት ፈረቃ በኋላ ዓይኑ የቀላ፣ በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ መለማመጃ ሜዳ የማይሄድ ወገናችን፣ በዚያች ምላጯ ረጅምና ከባድ፣ እጀታዋ ለሁለት ጣት ብቻ በሆነች ሽጉጥ ምን ያህሉን ሊያገኝ ነው? «አያያዙን አይቶ ጭብጦውን ቀማው» ይላሉ አበው። ወንበዴም አያያዝ ያያል። ለባለሙያው የሚላከው ገንዘብ ለጥይትና ለአስተማሪ ቢውል ኖሮ ስንት ቅዳሜ ልምምድ በሆነ!

ልምምድ ግን አይገዛም፤ ይደከምበታል። ዕቃ ይገዛል። ምስጢሩ እዚህ ላይ ነው። የፍርሃት ነጋዴ ሸቀጡን በአንድ ጊዜ አይሸጥም። መጀመሪያ ሽጉጧን፣ ቀጥሎ ማኅደሯን፣ ከዚያ ማነጣጠሪያዋን፣ ከዚያ ቀይ ሌዘሯን፣ ከዚያ ረዘም ያለ ካርታዋን ይሸጥልናል። ፍርሃቱ ግን ሁልጊዜ አንድ ዕቃ ይጎድለዋል። ወዳጄ ሽጉጧን የገዛ ዕለት እፎይ ብሎ ነበር። ዛሬ ማነጣጠሪያ አማረው። የሚቀጥለውን ጊዜ ያሳየናል።

እንዲህ ያለው በቁርጥራጭ ዕቃ የመጽናናት ልማድ የወዳጄ ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩ። የዚህ አገር ሕግ አውጪዎች ራሳቸው በዚሁ ልማድ የተለከፉ ናቸው። በሰኔ 1968 ሮበርት ኬኔዲ በአንዲት ርካሽ ትንሽ ሪቮልቨር ተገደለ። ሊንደን ጆንሰን በዚያው ዓመት በጥቅምት የጦር መሣሪያ ቁጥጥር ሕጉን ፈረሙ፤ ሕጉም ከውጭ አገር የሚገባ ሽጉጥ «ለስፖርት ተስማሚ» መሆን አለበት አለ። ተስማሚነቱ በምን ይለካ? መሥሪያ ቤቱ ቅጽ 4590 የተባለ የነጥብ ሰንጠረዥ አወጣ። ከውጭ የሚገባ ሽጉጥ ከተወሰነ ርዝመትና ከፍታ ማነስ የለበትም፤ ከዚያም 75 ነጥብ መሙላት አለበት። ትንሽ ረዘም ካለ ነጥብ፣ ከከበደ ነጥብ። ወዲህና ወዲያ ገፋ ተደርጎ የሚስተካከል የዒላማ ማነጣጠሪያ ካለው 5 ነጥብ፤ በብሎን ጠቅ ጠቅ እያለ የሚስተካከል ከሆነ ደግሞ 10 ነጥብ! እነሆ የአንድ ታላቅ መንግሥት ሕግ የሽጉጥን ጠባይ በማነጣጠሪያው መዘነ።

ውጤቱስ? ትንሿ ቤቢ ብራውኒንግ ከአውሮፓ መግባቷ ቀረ። ዋልተር የተባለው የጀርመን ኩባንያ ፒፒኬ የተባለችው ሽጉጡ ከፍታ ቢጎድላት፣ የእርሷን የላይኛ ብረት ከፍ ባለው የታላቅ እኅቷ አካል ላይ ጭኖ ፒፒኬ/ኤስ ብሎ ሰየማትና አስገባት። ቁጥጥሩ የተጻፈው ለሚገባው ዕቃ እንጂ በአገር ውስጥ ለሚሠራው አልነበረምና፣ ከ1970 ጀምሮ በካሊፎርኒያ ሬቨን አርምስን የመሰሉ ፋብሪካዎች ተነሥተው ከውጭ የተከለከለውን ዓይነት ርካሽ የኪስ ሽጉጥ እዚያው ያመርቱት ገቡ። በ1994 የወጣውና በ2004 ያበቃው የጥቃት መሣሪያዎች ክልከላም ከዚህ ስሕተት አልተማረም፤ ጠመንጃው ሳንጃ መግጠሚያ አለው ወይስ የለውም እያለ ሲቆጥር ዐሥር ዓመቱን ፈጀ። አንዱ ፓርቲ ዕቃ በመቁጠር የከለከለ ይመስለዋል፤ ሌላው ፓርቲ ዕቃ በማብዛት ነጻነትን የጠበቀ ይመስለዋል። ሽጉጧ በማን እጅ፣ የት ቦታ፣ በምን ሰዓት እንዳለች የሚጠይቅ ጠፋ።

እኛ ግን እንጠይቅ፤ በተለይ «የት ቦታ» የሚለውን።

ወዳጄ የቨርጂንያ ፈቃድ አለው። ደብቆ መያዝ የሚያስችለው ሕጋዊ ወረቀት ነው፤ በኩራትም አሳየኝ። ነገር ግን ኑሮው በቨርጂንያ ብቻ አይደለም። መንገደኛ ጭኖ በቀን ስንት ጊዜ የፖቶማክን ወንዝ ይሻገራል። ከድልድዩ ማዶ ያለችው ዋሽንግተን ከ1976 እስከ 2008 ሽጉጥን በቤት እንኳ የከለከለች ከተማ ናት፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሄለር ጉዳይ ያንን ሻረባት። በ2022 ደግሞ በብሩን ጉዳይ የተሰጠው ፍርድ ሽጉጥ ይዞ የመውጣትን መብት በመላ አገሪቱ አሰፋ፤ ሜሪላንድም «በቂ ምክንያት አምጣ» ማለቷን ተወች። ወገኖቻችን ይህን ዜና ሰምተው «ተፈቀደ» ብለው ተኝተዋል። አልተፈቀደም! ዋሽንግተንም ሜሪላንድም የራሳቸውን ፈቃድ ይጠይቃሉ፤ የቨርጂንያን ወረቀት አይቀበሉም። በቨርጂንያ ሕግ አክባሪ የነበረ ሰው፣ ያችኑ ሽጉጥ በዚያው ኪሱ እንደያዘ ድልድዩ መካከል ሲደርስ ወንጀለኛ ይሆናል።

ለአሜሪካ ተወላጅ ይህ የጠበቃና የእስር ጉዳይ ነው። ለእኛ ደግሞ ሌላ አለበት። የዚህ አገር የስደት ሕግ፣ ዜጋ ያልሆነ ሰው ሽጉጥን ከሕግ ውጭ በመያዝ ወይም በመሸከም ቢፈረድበት፣ ያ ፍርድ ከአገር የሚያስባርር ምክንያት እንደሚሆን በግልጽ ይደነግጋል። የመኖሪያ ፈቃዱ 20 ዓመት ቢሆነውም፣ ልጆቹ እዚህ ቢወለዱም፣ ሽጉጧ አንድም ጊዜ ባትተኮስም። ወዳጄ ዜግነት አልወሰደም። «አገሬን አልክድም» የሚል ሰው ነው፤ አከብርለታለሁ። አገሩን ላለመካድ ያቆየው ወረቀት ግን በአንድ የመንገድ ላይ ፍተሻ ሊቀማ ይችላል። ይህን ሳነሣበት ነው እንግዲህ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ያለኝ። መጠርጠሩስ ደግ፤ የጠረጠረው ግን ከኋላ ወንበር የሚቀመጠውን ብቻ ነው። መንጣሪው በድልድዩ ማዶ በፖሊስ መኪና ተቀምጦ ሲጠብቀው አላየውም።

መንገድ አለው ወይ ቢሉ፣ አለው። ዋሽንግተንም ሜሪላንድም ነዋሪያቸው ላልሆነ ሰው ማመልከቻ ይቀበላሉ። ሥልጠና፣ አሻራ፣ ክፍያ፣ ትዕግሥት ይጠይቃል። ለዚህኛው ቅጽ ግን ማንም ጠርቶኝ አያውቅም።

ሌላው ጥያቄ ሽጉጧ ማታ የት ታድራለች የሚለው ነው። ይህን ስጽፍ ብዕሬ ይከብደኛል። እኛ ሐበሾች በታሪካችን እጅግ የተዘመረላትን ሽጉጥ እናስታውስ፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ አምባ የተተኮሰችውን። ከንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ መጣች የምትባለው የአጼ ቴዎድሮስ ሽጉጥ የጨረሰችው እንግሊዝን አልነበረም። የንጉሡን ክብር ለታሪክ እንተወውና፣ ነገሩን ወደ ዛሬ እናምጣው። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በ2021 በጦር መሣሪያ የሞቱትን 48,830 ብሎ ቆጥሯል። ከእነርሱ ውስጥ 26,328ቱ ራሳቸውን ያጠፉ ናቸው፤ ከግማሽ በላይ። ወንበዴው፣ ዘራፊው፣ ጠበኛው ሁሉ ተደምሮ የዚህን ያህል አልገደለም። በእኛ ኅብረተሰብ ውስጥ እንዲህ ያለ ሞት ሲደርስ «በድንገት ዐረፈ» ይባላል፤ ለቅሶ ቤት ገብተን፣ ንፍሮ ቀምሰን፣ ምንም ሳንጠይቅ እንወጣለን። ብቸኝነት፣ የፈረሰ ትዳር፣ የታክሲ ዕዳ፣ አገር ቤት ያለ ጦርነት፣ እንቅልፍ ማጣት በየቤታችን አለ። በክፉ ሌሊት ላይ ያለ ሰው እስኪነጋ የሚያቆየው ነገር ያስፈልገዋል፤ ትራስ ሥር ያለች ሽጉጥ ጊዜ አትሰጥም። ወዳጄን ካዝና ገዝተሃል ወይ አልኩት፤ የሚቆለፍ ትንሽ የብረት ሣጥን። አልገዛም። ለማነጣጠሪያው ግን ሦስት ዓይነት ቀለም አማርጧል።

ታክሲ ነጂው መፍራቱን ማንም አይነቅፍበት። በዚህ አገር በሥራ ገበታቸው ላይ ከሚገደሉ ሠራተኞች መካከል ታክሲ ነጂዎች ከሌላው ብዙ እጥፍ የባሰ አደጋ ላይ ናቸው፤ ወገኖቻችንም ሬሳቸው አገር ቤት ሲላክ አይተናል፤ መዋጮ አዋጥተናል። መድኃኒቱ ግን ተፈትኖ የታወቀ ነው። በ2013 ታትሞ የወጣ የብሔራዊው የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም ባለሙያዎች ጥናት የ26 ከተሞችን የ15 ዓመት መረጃ አነጻጽሮ ነበር። በታክሲዎች ውስጥ ካሜራ ያስገጠሙት ከተሞች የነጂዎች ግድያ ካላስገጠሙት በሦስት እጥፍ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። እንግዲህ ዓይን ከተገዛ እንዲህ ያለው ዓይን ይገዛ፤ ለሽጉጧ አናት ሳይሆን ለመኪናው መስተዋት። ኡበር ከ2015 ጀምሮ በአገልግሎቱ ላይ ያሉ ነጂዎችን ሽጉጥ እንዳይዙ ከልክሏል፤ መከልከሉን እንጂ ካሜራውን በራሱ ወጪ ለሁሉም ሲገጥም አላየንም። የነጂ ማኅበሮቻችንስ? ለሬሳ መላኪያ በሁለት ቀን ውስጥ ገንዘብ ማሰባሰብ የሚችል ሕዝብ፣ ለካሜራና ለአንድ የስደት ሕግ ጠበቃ የሁለት ሰዓት ትምህርት ማሰባሰብ እንዴት ያቅተዋል? የማኅበራት መሪዎች፣ መልሱ ካላችሁ ጻፉልኝ፤ ሳልቆርጥ አወጣዋለሁ።

ይህን ከመለጠፌ በፊት ለወዳጄ በስልክ አነበብኩለት። እስከ መጨረሻው ዝም ብሎ ሰማኝ። የአጼ ቴዎድሮስን ያነሣሁበት ቦታ ላይ ብቻ «ተው እንጂ» አለ። ከዚያ የላይኛው ብረት ባለፈው ማክሰኞ እንደተላከ፣ ሥራው ሦስት ሳምንት እንደሚፈጅ ነገረኝ።

«እስከዚያስ?» አልኩት።

«እስከዚያማ የቀረው አካል ቤት ነው፤ እንዲሁ ነዋ የምነዳው።»

«ድልድዩንም?»

«ድልድዩንም።»

የዋሽንግተኑን ማመልከቻ አውርጄ እሑድ እንደማመጣለት ነገርኩት። ቡናው በእርሱ ሒሳብ ይሁን ተባብለን ዘጋን።